የእግር ወለምታም በቅቤ አይታሽም

"የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም" ይላሉ አባቶቻችን። ከአፍ ያመለጠ ቃል መድኃኒት የለውም ለማለት ነው። ተረቱን ስንት ጊዜ ሰማነው? ስንት ጊዜስ ራሳችን ተናገርነው? በውስጡ የተደበቀውን የሕክምና ምክር ግን አንድም ቀን ልብ ብለነው አናውቅም። "የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም" ማለት እኮ "የእግር ወለምታ ግን በቅቤ ይታሻል" ማለት ነው! እኛ ዛሬ ከአባቶቻችን ጋር (በአክብሮት) የምንከራከረው በዚህች በሁለተኛዋ ነጥብ ላይ ነው።

ለምን ብትሉ… እግራችን ዞሮ አይተነዋልና። (እግሩ የአንዳችን ነው፤ ለቅሶውን ግን ሁላችንም ተካፍለነዋል።)

ጊዜው ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ነው። የጋዜጠኝነት ዲግሪያችንን ይዘን "ስለ ቡና ለቃሚዎች አንድ ነገር ሳንጽፍ አንመለስም" ብለን ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ወጣን። አገሩን ለማታውቁት፣ ሚዛን ተፈሪ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከጎረቤቷ ከአማን ጋር ተዳብላ ዛሬ ሚዛን አማን ትባላለች። ቴፒ ከእሷ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ሁለቱም በ2014 ዓ.ም. በተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ናቸው። በበቃን የመሰለ ሰፊ የቡና እርሻ ያለው፣ ጫካው ራሱ ቡና የሚያበቅለው በዚሁ አገር ነው። ዝናቡም ዓመቱን ሙሉ የሚያርፍ አይመስልም።

ቡና የሚለቀመው እንግዲህ በዚህ መሬት ላይ ነው። ተዳፋት ነው። ከጥላ ዛፎቹ የረገፈው ቅጠል እርጥብ ሆኖ ተነጥፏል። ከቅጠሉ ሥር ደግሞ አይታይ እንጂ ሥር አለ፣ ድንጋይ አለ፣ ጉድጓድ አለ። አንዲት ለቃሚ የከተማ ስኒከራችንን አይታ ሳቀች። እሷ ያደረገችው ኮንጎ ጫማ ነው። የግራ ቁርጭምጭሚቷን በተቀደደ ነጠላ ጥፍር አድርጋ አስራዋለች። "ምን ሆነሽ ነው?" ስንላት "ወለም ብሎኝ ነው፤ ምንም አይደል" አለችን። ይህችን ልጅ አትርሷት፤ እንመለስባታለን።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የእኛም እግር ዞረ። "ቋ" የሚል ድምፅ ሰማን፤ ከዚያ ቅጠሉ ላይ ተቀምጠን ተገኘን።

የአካባቢው ወጌሻ ተጠሩ። ሽበታም፣ ሳቂታ አባት ናቸው። "አይዞሽ ልጄ፣ አሁን ተነሥተሽ ትሄጃለሽ" አሉና ቅቤ አሙቀው በአውራ ጣታቸው ያበጠውን ሥፍራ ይደቁሱት ጀመር። ጩኸታችን ቴፒ ሳይሰማ አልቀረም። ማታ እግራችን እንደ ድፎ ዳቦ ተነፋ። በማግስቱ ወደ አንድ የጤና ተቋም ሄድን፤ ራጅ ተነሣን። ባለሙያው ፊልሙን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየና አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረ፦ "ስብራት የለውም፤ እረፍት አድርጊ።" ማስታገሻ ተጻፈልን፤ ወጣን። ደስም አለን! ስብራት የለማ!

ከአንድ ወር በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ደረጃ ስንወርድ ያው እግር ዞረ። ከገና በፊት ደግሞ ሦስተኛ ጊዜ፣ ከታክሲ ስንወርድ። "ቡዳ በልቶሽ ይሆናል" የሚል አስተያየትም አልጠፋም። በመጨረሻ ፊዚዮቴራፒ የተማረች ጓደኛ ዘንድ ደረስን። እግራችንን ከማየቷ በፊት የጠየቀችን ጥያቄ ይህችን ጽሑፍ ወለደ፦ "ከተጎዳ በኋላ ምን አሠራሽው?"

ምን አሠራነው? ምንም። አሳረፍነው። መልሱ ይኸው ነበር፤ ችግሩም።

ስብራት ከሌለውስ ምን አለው?

እኛ አገር የተጎዳ እግር ሁለት ዕጣ ብቻ ነው ያለው፤ ወይ ተሰብሯል፣ ወይ "ምንም አልሆነም"። ከተሰበረ ጀሶ አለ፣ ጠያቂ አለ፣ ሾርባ አለ። ካልተሰበረ "ወለምታ ነው" ተብሎ ይታለፋል። ራጅ ግን አጥንትን እንጂ ጅማትን አጥርቶ አያሳይም። "ስብራት የለውም" ማለት "ጤነኛ ነው" ማለት አይደለም።

ቁርጭምጭሚት ሲዞር አብዛኛውን ጊዜ መርገጫችን ወደ ውስጥ ይታጠፍና ክብደታችን በሙሉ በውጭው ጠርዝ ላይ ይወድቃል። በዚያ በኩል አጥንቶቹን የሚያያይዙ ሦስት ጅማቶች አሉ፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው ከፊት ያለው ነው። ጅማት ደግሞ ማሰሪያ ብቻ አይደለም፤ ወሬ ነጋሪም ነው። እግራችን በየትኛው ማዕዘን እንደቆመ ለአንጎላችን የሚያደርሱ ነርቮች በውስጡ አሉ። ጅማቱ ሲበጠስ ወሬ ነጋሪውም ዝም ይላል። እብጠቱ ጎድሎ፣ ሕመሙ ለቆን "ድነናል" ስንል እግሩ ገና ደንቆሮ ነው። ጠጠር ስንረግጥ አንጎላችን ወሬው የሚደርሰው ከወደቅን በኋላ ነው። አንድ ጊዜ የዞረ እግር ደጋግሞ የሚዞረውም በዚህ ነው። ቁርጭምጭሚታቸው ከተጎዳ ሰዎች መካከል እስከ 40 በመቶ የሚደርሱት ለረጅም ጊዜ የማይጸና እግር ይዘው እንደሚቀሩ በሙያው መጻሕፍት ደጋግሞ ይነገራል። ቡዳው እንግዲህ ይኼ ነው!

ቅቤውስ? ቅቤው ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ አውራ ጣቱ ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ጥቃቅን የደም ሥሮች ተበጥሰው ይደማሉ። በኃይል ማሸት መድማቱንና እብጠቱን ያብሰዋል፤ ስብራት ካለ ደግሞ አጥንቱን ከቦታው ሊያንሸራትተው ይችላል። በሙቅ ውኃ መዘፍዘፍና አረቄ መቀባትም በእነዚህ ቀናት አይረዱም። የሚረዳው ቀላል ነው። እግሩን ከተጨማሪ ጉዳት መጠበቅ፣ ከጣቶች ጀምሮ ወደ ላይ በፋሻ ደገፍ አድርጎ ማሰር፣ ስንተኛ ከልባችን ከፍ እንዲል ትራስ ላይ መስቀል፣ ሕመሙን ለማስታገስም ቀዝቃዛ ነገር ጥቂት ደቂቃ ማስነካት። ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ ፋሻው ወዲያውኑ ይፈታ።

እዚህ ላይ የአንድ ሰው ታሪክ እናንሣ። እ.ኤ.አ. በ1978 ጋብ ሚርኪን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም "አሳርፍ፣ በረዶ አድርግ፣ እሰር፣ ከፍ አድርግ" የምትል ምክር በመጽሐፉ አወጣ። ምክሯ ዓለምን አዳረሰች። በ2014 ግን ራሱ ሰውየው ተነሥቶ በረዶና ሙሉ እረፍት ፈውስን ሊያዘገዩ እንደሚችሉ ጻፈ። አሜሪካዊው ሐኪም የራሱን ምክር ካረመ እኛ የአባቶቻችንን ተረት ብናርም ምን ይለናል?

አቦል፣ ቶና፣ በረካ

ጓደኛችን ማሽን አላወጣችም። መድኃኒትም አልጻፈችም። የቤት ሥራ ሰጠችን።

የመጀመሪያው የቤት ሥራ ፊደል መጻፍ ነበር። በእጅ ሳይሆን በእግር አውራ ጣት። ተቀምጠን፣ እግራችንን አንሥተን፣ ከ"ሀ" እስከ "ፐ" በአየር ላይ መጻፍ። "ሐ" እና "ጨ" ላይ ስንደርስ ቁርጭምጭሚታችን ያልሄደበት አቅጣጫ አልነበረም። ይህ የሚጀመረው ሕመሙ እንደፈቀደ፣ ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። ሁለተኛው ጉልበት መመለስ ነው። የሳይክል ጎማ ውስጥ የሚገባውን ላስቲክ ቆርጦ በመርገጫ ዙሪያ ማሰርና እግርን ወደ ውጭ እየገፉ መሳብ። ከዚያ በሁለት እግር ቆሞ ተረከዝን ማንሣትና ቀስ ብሎ ማውረድ፤ ሲለምድ በአንድ እግር።

ሦስተኛው ከሁሉም የሚበልጠው ነው፤ ደንቆሮውን ጅማት መስማት ማስተማር። በአንድ እግር መቆም ነው፤ አለቀ። እኛ የቡና አገር ልጆች ነንና ከቡናው ጋር አስማማነው። አቦል ሲቀዳ ግድግዳ ተደግፈን ቆምን፤ ቶና ላይ ግድግዳውን ለቀቅነው፤ በረካ ላይ ዓይናችንን ጨፈንን። (ሲኒውን አስቀምጣችሁ!) እናቶቻችን "እነዚህ ልጆች ምን ነካቸው?" አሉ። በስድስተኛው ሳምንት ግን ዓይናችንን ጨፍነን ቆጥረን 30 ደረስን። እግሩ ከዚያ ወዲህ አልዞረም።

ይኸው ነው ፊዚዮቴራፒ ማለት። ብዙዎቻችን ማሻሻ አልጋና የሚነዝር ማሽን ይመስለናል፤ እነሱም አንዳንዴ ያግዛሉ። ዋናው ግን እንቅስቃሴ ነው፤ በልኩ፣ በጊዜው፣ እየጨመረ የሚሄድ። ጅማት ሥራ ሲሰጠው ይጠነክራል፤ ሥራ ሲነፈግ ይሰንፋል። እንደኛ እንደ ሰዎቹ።

ለማያምን የቋንጃን ጅማት ነገር እንጨምር። ታላቁ ሯጫችን ኃይሌ ገብረሥላሴ ከሲድኒ ኦሎምፒክ በኋላ ለቀዶ ሕክምና የተዳረገው በዚሁ ከተረከዝ በላይ ባለው ጅማት ነው። በአቴንስ በ1996 ዓ.ም. በ10 ሺህ ሜትር የሮጠውም ይኸው ዓይነት ጅማት እያመመው ነበር። ቀነኒሳና ስለሺ ወደኋላ እየዞሩ የጠበቁትን ያ ምሽት ማን ይረሳዋል? ኃይሌ አምስተኛ ወጣ። አገር በሙሉ የአንድን ሰው ቁርጭምጭሚት እያሰበ አደረ። እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ ስዊድናዊው የአጥንት ሐኪም ሆካን አልፍሬድሰን ለዚህ ሕመም የሚሆን የእንቅስቃሴ ሕክምና በጥናት አሳተመ። ደረጃ ጠርዝ ላይ በእግር ጣቶች ቆሞ ተረከዝን ቀስ ብሎ ወደ ታች ማውረድ፤ በቀን 180 ጊዜ፣ ለ12 ሳምንት። ሐሳቡ የመጣለት በራሱ እግር ነው። ቀዶ ሕክምና ተከልክሎ "እንግዲያው ይበጠስና ይለይለት" ብሎ ጅማቱን ሲያስጨንቀው ዳነ። ደረጃ ብቻ ነው የጠየቀው። ደረጃ የሌለው ቤት ድንጋይ አያጣም።

የለቃሚዋ እግር

እስካሁን የተናገርነው ለእኛ ነው፤ ትራስ ላላቸው፣ ስድስት ሳምንት ለማያጡ፣ ፊዚዮቴራፒ የተማረች ጓደኛ ላላቸው። ያቺ ባለ ነጠላዋ ልጅስ?

እሷን "ለምን አታርፊም?" ብለን ጠይቀናት ነበር። "እግሬ ካረፈ ቅርጫቴም ያርፋል" አለችን። የምትከፈለው በለቀመችው ኪሎ ነው። ቡናው የሚቀላው በዓመት ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። ከሌላ ዞን ተሳፍራ የመጣችው በእነዚያ ወራት ሠርታ ለመመለስ ነው። ቡናው ደግሞ እግሯ እስኪድን ዛፉ ላይ አይጠብቃትም።

እዚህ ላይ "እረፍት አድርጊ" የሚለው ትእዛዝ ቀልድ ይሆናል። "ስብራት የለውም" የሚለው ደግሞ ፍርድ። ስብራት ቢኖረው ኖሮ ቢያንስ ጀሶው ምስክር ይሆናታል። ወለምታ ግን ምስክር የለውም፤ አለቃውም፣ ባለ እርሻውም፣ አንዳንዴ ራሷም "ምንም አይደል" ትላለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሕክምናውን ወጪ አሠሪው እንዲሸፍን ያዛል። መልካም። ግን ያለ ወረቀት፣ በቃል ብቻ፣ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው እየዞረች ለምትለቅም ልጅ "አሠሪሽ ማን ነው?" ብትሏት የማንን ስም ትጥራ?

ስለ ቡና እኛ ጋዜጠኞች ስንት ጻፍን! ስለ ዋጋው፣ ስለ ጣዕሙ፣ ስለ ላኪው፣ ስለ ዶላሩ። ቡናውን ከተዳፋቱ ስለሚያወርደው እግር ግን አንድ አንቀጽ አልጻፍንም። የጻፍነውም ራሳችን ስለወደቅን ነው። ያሳፍራል።

ወጌሻን ምን እናድርገው?

"ወጌሻን ክሰሱ!" የሚሉ ይኖራሉ። እኛ አንልም። ወጌሻው ተዳፋቱ ላይ ነው የሚኖረው፤ በሌሊት ቢጠራ ይመጣል፤ እህል ቢሰጡትም ይቀበላል። ቃሉም ራሱ ክብር አለው። የእግር ኳስ ቡድን የሕክምና ባለሙያ ከነቦርሳው ወደ ሜዳ ሲሮጥ የሬዲዮ ጋዜጠኛው "ወጌሻው ገባ" አይደል የሚለው?

አደጋው ግን እውነት ነው። የተሰበረ እግር በቀርከሃ ፍልጭ ተጠፍሮ ሲታሰር የደም ዝውውሩ ይቋረጣል። ሥጋው ይሞታል፤ ይጠቁራል፤ ከዚያ መጋዝ ይመጣል። የቀዶ ሕክምና ሐኪሞቻችን ይህን ደጋግመው አይተዋል፤ ደጋግመውም ጽፈዋል። በጉራጌ ምድር ያለው የአጣጥ ሆስፒታል ልምድ ግን ተስፋ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ለአካባቢው ወጌሾች የአንድ ቀን ሥልጠና ከተሰጠ በኋላ በዚህ ምክንያት የሚቆረጡ እጅና እግሮች ቁጥር ቀነሰ። የአንድ ቀን! ስድብም ክስም አላስፈለገም፤ ጠርቶ ማስተማር በቃ።

ታዲያ ቡና ከመቅላቱ በፊት በየዓመቱ አንድ ቀን ሚዛን ላይ፣ አንድ ቀን ቴፒ ላይ ወጌሾችን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችንና የለቃሚ አለቆችን አንድ ዳስ ሥር ማስቀመጥ ምን ያህል ይከብዳል? ትምህርቱ ረጅም አይደለም።

አንደኛ፦ አራት እርምጃ። እ.ኤ.አ. በ1992 በካናዳዋ ኦታዋ ያሉ ሐኪሞች ራጅ ለማን እንደሚያስፈልግ የሚለይ ቀላል መመሪያ አወጡ። የተጎዳው ሰው እያነከሰም ቢሆን አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ ራጅ ይነሣ። በቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ የወጡት አጥንቶች ጫፍና የኋላ ጠርዛቸው፣ በትንሿ ጣት በኩል መካከለኛው የእግር ጠርዝ ላይ ያለው አጥንት፣ ወይም በውስጥ በኩል ትይዩው ሲጫኑት የሚያም ከሆነም እንዲሁ። እነዚህ ሁሉ ከሌሉ ስብራት የመኖሩ ዕድል እጅግ አነስተኛ ነው። ለትንንሽ ልጆችና እግሩ ለደነዘዘ ሰው ግን ይህ አይበቃም፤ እነሱ ወደ ሐኪም ይሂዱ። ራጁ ከማሳው ስንት ሰዓት በሚርቅበት አገር ይህች ምርመራ ወርቅ ናት፤ ዋጋዋም ሁለት እጅና አራት እርምጃ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፦ ጣት ማየት። ያሰርከው እግር ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ ፍታ፤ ወደ ሆስፒታል ላክ። ቅርጹ የተጣመመና አጥንቱ የወጣ እግርም አይታሽ፤ በቀጥታ ይላክ።

ሦስተኛ፦ ሦስት ቀን አትሸው። ከዚያ በኋላም አውራ ጣትህን ሳይሆን የልጅቱን ጡንቻ አሠራ። አባባ ወጌሻ "በአንድ እግር ቁሚ ልጄ" ካሏት ከእኛ ይልቅ እሳቸውን ትሰማለች።

ባለ እርሻዎችም ድርሻ አላቸው። እግሯ የተጎዳን ሠራተኛ ለሁለት ሳምንት ተዳፋት ላይ ከማሰማራት፣ ማድረቂያ አልጋው ዘንድ አስቀምጦ ቡና ማስመረጥ ይቻላል። ሥራው አይቆምም፤ ገቢዋም አይቋረጥም። የሚይዝ ጫማ ቢታደል ደግሞ እሰየው።

ጤና ተቋማትስ? ከእነሱ የምንለምነው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። "ስብራት የለውም" የተባለ ሁሉ ያቺን ገጽ ይዞ ይውጣ። ሥዕል ይኑራት፤ በአማርኛም፣ በቤንችኛም፣ በሸክኛም ትጻፍ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት፣ ከዚያ ፊደሉ፣ ከዚያ ላስቲኩ፣ ከዚያ በአንድ እግር መቆሙ። አገራችን ፊዚዮቴራፒን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ላይ በዲግሪ ማስተማር ከጀመረች 20 ዓመት አልፏታል፤ ባለሙያ የለም አይባልም። እዚያው ሚዛን ሐኪምና ነርስ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ዙሪያ የተሐድሶ ሕክምና ቢያገኙ የሚጠቀሙ ሰዎች 2.4 ቢሊዮን ናቸው። ከእነዚያ አንዷ አንድ የተቀደደ ነጠላ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ጠምጥማ ዛሬም ተዳፋቱን እየወጣች ይሆናል።

ለእናንተም ለከተሞቹ፦ ኳስ ሜዳ ላይ፣ በተረከዘ ረጅም ጫማ፣ በተቆፈረ የእግረኛ መንገድ ላይ እግራችሁ መዞሩ አይቀርም። ሲዞር "ምንም አይደል" አትበሉ። "ስብራት የለውም" ስትባሉም ከወንበሩ አትነሡ። አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ "እሺ፣ ከነገ ጀምሮ ምን ላሠራው?"

ተረቱን በክብር እንመልሰው። አባቶቻችን ስለ አፍ የተናገሩት እውነት ነው፤ ያመለጠ ቃል አይታሽም። "ስብራት የለውም፤ ሂጂ" የምትለዋ ቃል ራሷ የአፍ ወለምታ ናት። እሷን የሰማ ስንት እግር ዕድሜ ልኩን ሲያነክስ ይኖራል። ቅቤውንስ? ቅቤውን ለምግብ እናድርገው።

ቸር እንሰንብት።